ሰዓቱ ጥያቄውን ሲቀድመው

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ በኮምፒውተር ሊሆን ነው የሚለው ወሬ መተማ ዮሐንስ የደረሰን በጥቅምት ነው። የተማሪዎቻችን ግማሽ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ መምህራንን ሰብስበው ሲነግሩን አንዱ መምህር ሳቀ፤ ሌላው "መብራቱንስ ከየት ሊያመጡት ነው?" አለ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፣ ወባውንም እንደ ጉንፋን ማየት ጀምሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን ከስብሰባው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድኩ።

ከተማሪዎቼ መካከል ኮምፒውተር ነክቶ የሚያውቅ ብፈልግ አላገኝም። የኮምፒውተር ክፍል አለን፤ ማሽኖቹ በላስቲክ ተሸፍነው ላስቲኩ ደግሞ በአቧራ ተሸፍኗል። መብራት ባለበት ቀን አንድ ሁለቱ ይከፈቱና ሙቀቱ ሲበዛባቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ልጆቹ ይህን ይዘው ፈተናው ወደሚሰጥበት ጎንደር ሄደው፣ የማያውቁት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው፣ ዕጣቸውን በማውስ ሊወስኑ ነው።

ስልክ ግን ነበር። መተማ የድንበር ከተማ ስለሆነ ያገለገለ ስማርት ስልክ ገበያ ላይ አይጠፋም፤ በአጨዳ ሠርቶ የተመለሰ ተማሪ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። ጎንደር ለእረፍት ስሄድ አንዲት ጓደኛዬ ተማሪዎቿን በኢንተርኔት የምርጫ ጥያቄ ስታሠራ አይቼ ነበር። እኔም ልሞክረው ብዬ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ስልክ ክፍል ውስጥ?" አሉ። "ስንቀማቸው የኖርነውን?"

"ጥያቄ ይሠሩበታል። አራት ምርጫ ይመጣል፣ አንዱን ይነካሉ፣ ልክ ይሁን ስሕተት ወዲያው ይነግራቸዋል። ቢያንስ ከስክሪን ላይ ማንበቡን ይልመዱት።"

"ቪዲዮ ሲያዩ ባገኝ የምጠይቀው አንቺን ነው።"

"እኔን ይጠይቁ።"

መጀመሪያ ያወጣሁት ጥያቄ ስለ ሕዋስ ነበር። የራሴን ዳታ ከፍቼ አካፈልኳቸው፤ ስልክ ያለው ከሌለው ጋር ተቀምጦ በየተራ ይቀባበላሉ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሳጥን ይደረደራል፣ ከላይ ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ጥያቄው ይዘጋል። ተማሪው ሲገባ ስም ያስገባል፤ ግን የገዛ ስሙን ሳይሆን ደስ ያለውን። ማን ምን እንደመለሰ ጎረቤቱ አያውቅም። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። ከኋላ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ልጆች ከወንበራቸው ተነሥተው ይጮኻሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ "አሁን ተራው የኔ ነው" ብለው ስልክ ይናጠቃሉ።

ከዚያ ውጤቱ እኔ ስልክ ላይ ወጣ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ርዕስ ስጨርስ "ገብቷችኋል?" እላለሁ፤ ባንድ ድምፅ "አዎ ቲቸር!" ይሉኛል፤ ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ። ስልኩ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ ምን ያህሉ እንደሳተው በቀይ መስመር አሳየኝ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ። ምናልባት አዲስ ነገር ስለሆነባቸው ነው ብዬ በማግስቱ ስለ ወባ አወጣሁ። ይህንንማ አይስቱትም አልኩ። ጥያቄው "ከሚከተሉት ውስጥ ወባ እንዳይተላለፍ የማይረዳው የትኛው ነው?" የሚል ነበር፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔም የማወጣው በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ ምርጫ አጎበር ውስጥ መተኛት፣ አንዱ ያቆረ ውሃ ማፋሰስ፣ አንዱ ቤት ውስጥ መድኃኒት መርጨት፣ የቀረው እጅን በሳሙና መታጠብ።

ክፍሉ ከሞላ ጎደል አጎበሩን መረጠ።

እነዚህ ልጆች ወባ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አንዱ እዚያው ዴስኩ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚሠራው። አጎበር ለምን እንደሚዘረጋ የማያውቅ ልጅ መተማ ውስጥ የለም። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ሳስተምር የኖርኩት ለማን ነው? አልኩ በልቤ።

ከስሞቹ መካከል አንድ የሚያስገርመኝ ነበር። አንድ ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ነጥብ ብቻ ያስገባል። ይህ ነጥብ ሁልጊዜ ቢጫውን ይነካል፤ ጥያቄው ስለ ወባ ይሁን ስለ ዘር ውርስ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቢጫ። ስልኩ በብዙ እጅ ስለሚዞር ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በመጨረሻ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሳይ፣ ግድግዳው ጥግ የምትቀመጥ ልጅ ስልኩን ተቀብላ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጋ ስም የሚገባበትን ስታልፍ አየኋት።

ከክፍሉ በዕድሜ ከፍ የምትል ልጅ ናት። ከወሎ ወላጆቿ ለሰሊጥ አረም ሲመጡ ተከትላ መጥታ እዚሁ ቀርታለች። አባቷ በካላዛር በሽታ ሞቷል። እናቷ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች፤ ልጅቱም ትምህርት በሌለበት ቀን አብራት ታበጥራለች። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ ታስራለች፤ ካልጠሯት አትናገርም። ከክፍል ስትወጣ ጠራኋትና ግቢው ውስጥ ካሉት የኒም ዛፎች አንዱ ጥላ ሥር ቆምን።

"ነጥቧ አንቺ ነሽ አይደል?" አልኳት።

መሬት መሬት አየች።

"አልቆጣሽም። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ቢጫ የምትነኪው?"

"እንዲሁ ነው ቲቸር።"

"ተሰላችተሽ ነው?"

"አይደለም። አንብቤ ሳልጨርስ ይዘጋብኛል" አለች። "ምንም ሳልነካ ከሚዘጋብኝ ብዬ ነው።"

"ቢጫውን ለምን መረጥሽው?"

"ለአውራ ጣቴ ይቀርባል።"

የወባውን ጥያቄ ስልኬ ላይ አውጥቼ ሰዓቱን አጠፋሁና "አንብቢልኝ" አልኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ጀመረች። እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል ትሰበስባለች፤ ሁለተኛውን መስመር ስትይዝ የመጀመሪያው ከአፏ ይጠፋባትና ትመለሳለች። "ኖት" የምትለዋን፣ ጥያቄውን ወደ "የማይረዳው" የምትገለብጠውን ትንሽ ቃል ሁለት ጊዜ ዘለለቻት። ሰዓቱ ቢኖር ኖሮ ገና ግማሹ ላይ ሳለች ይዘጋባት ነበር። ከጨረሰች በኋላ ጥያቄውን በአማርኛ ነገርኳት።

"እጅ መታጠቡ ነዋ!" አለች ወዲያው። "እጅ መታጠብ ለወባ ምን ሊያደርግ?"

በማግስቱ ለክፍሉ ሁሉ ሰዓቱን አንስቼ፣ ያንኑ ጥያቄ እኔው በአማርኛ እያነበብኩ አሠራኋቸው። ስክሪኔ አረንጓዴ ሆነ። ስለ ሕዋሱም፣ ስለ ዘር ውርሱም እንዲሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን የመምህራን ክፍል ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ። ያስተማርኳቸው ገብቷቸዋል። ጥያቄው ነው ያልገባቸው። ፈተናውን ደግሞ ማንም ቆሞ በአማርኛ አያነብላቸውም፤ ሰዓቱንም ማንም አያጠፋላቸውም። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት መሠራት የነበረበትን ሥራ በቀሩን ጥቂት ወራት ልሠራው ነው።

ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው።

"ይኼ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ አይደል እንዴ?" አሉ።

"የእንግሊዝኛ መምህሩ ከሄደ ስንት ጊዜው!"

"ተተኪ ጠይቀናል።" መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "እዚህ የሚመጣ የለም። መንገዱን እያወቅሽው።"

መንገዱን አውቀዋለሁ። አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ በመካከሉ የሚሰማው የተኩስና የእገታ ወሬ ሰው ልብ ላይ ይቀመጣል። እሳቸውም ቤተሰባቸውን ካዩ ወራት አልፏቸው ነበር።

ስለዚህ ባዮሎጂውን ተውኩት ማለት ይቻላል። ጥያቄ ማንበብ ማስተማር ጀመርኩ። ሰዓቱን መጀመሪያ በጣም ረጅም አድርጌ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አሳጥረዋለሁ። "ኖት" እና "ኤክሰፕት"፣ ማለትም "በስተቀር"፣ የሚሉትን ቃላት ባየ ቁጥር ተማሪው ዴስኩን እንዲመታ አደረግሁ። ክፍሉ ከበሮ ቤት መሰለ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ ተቆጣኝ። ግን ይሠራ ነበር። ቀዩ መስመር እያጠረ መጣ። ልጅቱም አንድ ቀን በነጥቡ ፈንታ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ገባች። ስክሪኔ ላይ ሳየው ቀና ብዬ ፈለግኋት፤ አንገቷን ደፍታ ስልኩ ላይ ነበረች።

ከገና በኋላ ዳታው ጠፋ። ስልክ መደወል ይቻላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ለጥቂት ቀን ነው ተባለ፤ ጥቂቱ ቀን ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። በየጠዋቱ ስልኬን አብርቼ አያለሁ፤ በየጠዋቱ ባዶ ነው። ጥያቄዎቼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ገላባት የምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ችግሬን ሰምታ የሱዳን ሲም ካርድ አመጣችልኝ፤ እነሱ ሸሪሓ የሚሉትን። የማዶው ኔትወርክ ከግቢያችን ምዕራባዊ አጥር ጥግ ላይ ብቻ ይይዛል፤ እሱም ሲፈልግ። ማዶም ጦርነት ነው፤ እንዴት እስካሁን እንደሚሠራ እንኳ አላውቅም ነበር። ክፍሉን ይዤ አጥሩ ሥር ሄድኩ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተንበርክከው ስልካቸውን ወደ ድንበሩ ከፍ እያደረጉ ኔትወርክ ይለምናሉ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ደስታው ሌላ ነው።

በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን አንድ ጠመንጃ የያዘ ሚሊሻ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያየን ቆየና ዞሮ በበሩ ገባ።

"ምንድን ነው የምትቀርጹት?" አለ።

"አንቀርጽም" አልኩት። "ጥያቄ እየሠሩ ነው። ፈተና አለባቸው።"

"ፈተናው ከሱዳን ጋር ነው?"

ከልጆቹ አንዱ ሳቀና ወዲያው አፉን ዘጋ። ሚሊሻው አልሳቀም። በቅርብ የነበረችው ያች ልጅ የያዘችውን ስልክ ተቀበላትና ስክሪኑን አየው።

"ይኼ ምን ይላል?"

እጁ ላይ ያለውን ስልክ ተጠግታ ማንበብ ጀመረች። ቃል በቃል ስትሰበስብ ሰውየው ትዕግሥት አጥቶ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ገና ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀና ስክሪኑ ተዘጋ።

"አጠፋሽው!" ብሎ ጮኸ።

"እሷ አይደለችም" ብዬ መሃል ገባሁ። "ራሱ ነው የሚዘጋው። ሰዓት አለው።"

ዳይሬክተሩ ተጠርተው መጡ። ብዙ ተለማመጡት። ስልኩን መለሰ፤ ግን ከዚያ በኋላ አጥሩ ሥር እንዳንደርስ ተከለከልን። ዳይሬክተሩ ሰውየውን ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው ላብ በላብ ነበር። "ልጆቹን ልታስፈጂብኝ ነው?" አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በልመና ድምፅ። ብዙም ሳይቆይ የማዶውም ኔትወርክ ጨርሶ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሥራ ነው ብል ይሻላል። ግቢው ውስጥ አራት የኒም ዛፎች አሉ። በየግንዱ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ አሰርኩ። ጥያቄውን በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፌ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፤ ተማሪው አንብቦ መልሱ ነው ብሎ ወዳመነበት ዛፍ ይሄዳል። ሰዓቱ ጭብጨባዬ ነው። የሠፈር ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየናል፤ "መምህርቷን ሙቀቱ ነካት" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ስልኩ የነበረው አንድ ነገር ዛፉ ላይ የለም። ስልኩ ላይ ማንም ማንን አያይም። እዚህ ግን የክፍሉ አንደኛ ወደ ሄደበት ዛፍ ሁሉም ተከትሎ ይጎርፋል። አንድ ቀን ይህ አንደኛ ተማሪ "ኤክሰፕት" የምትለዋን ዘልሎ ወደ ቀዩ ዛፍ ሄደ። ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። ልጅቱ ብቻ ካርቶኑ ፊት ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ጭብጨባዬን አዘገየሁላት። ጨርሳ ቀስ ብላ ወደ አረንጓዴው ዛፍ ሄደችና ብቻዋን ቆመች። ቀዩ ዛፍ ሥር ያሉት ሳቁባት።

"ልክ አረንጓዴው ነው" አልኩ።

በሚቀጥለው ጥያቄ ሁሉም ዞር ዞር እያለ እሷን ይፈልጋል፤ እግሯን ባነሣች ቁጥር አብሮ ያነሣል። እሷ ደነገጠች። በአራቱ ዛፎች መሃል ፀሐይ ላይ ቆማ ወዴትም አልሄድ አለች፤ እነሱም አብረዋት ቆሙ። በኋላ ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ ለብቻዬ ያድርጉልኝ፤ ሲከተሉኝ ያነበብኩት ይጠፋኛል" አለችኝ። ዛፉን ተውነው።

ከዚያ እስከ ሰኔ ድረስ ጠዋት ከትምህርት በፊት የሚመጡትን ይዤ ጥያቄ አስነብባለሁ። ብዙዎቹ መምጣት አቆሙ። እሷ አልቀረችም። ማንበቧ ይፈጥናል፤ ግን እኔ በልቤ የማውቀውን ልነግራት አልችልም። ከፈተናው ሰዓት ጋር ሳስተያየው አሁንም አይደርስም። አንዳንድ ቀን "ደርሻለሁ?" ስትለኝ "ቀርበሻል" እላታለሁ።

በአውቶቡስ ተጭነው ጎንደር ሄዱ፤ በሰላም ተመለሱ። እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ስትመለስ አግኝቼ ፈተናውን ጠየቅኋት።

"አዳራሹ ይበርዳል" አለች መጀመሪያ። "ማውሷን ስገፋት ወዳላልኳት ትሮጣለች። ሌሎቹ ልጆች ጣታቸው ይበራል። ሰዓቱ ከላይ ጥግ ላይ ነው፤ እንዳላየው በእጄ ልሸፍነው ስል ፈታኙ እጅሽን አውርጂ አለኝ።"

"ማንበቡስ?"

"አነበብኩ። የደረስኩበትን ሁሉ አነበብኩ።" ፈገግ አለች። "የቀረውን ቢጫ ባገኝ እነካ ነበር፤ ቢጫ የለውም።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ላይ የቀረውን አይቼ ዞር አልኩ።

ውጤቱ የወጣው በኢንተርኔት ነው፤ እኛ ጋ ኢንተርኔት የለም። ዳይሬክተሩ ጎንደር ላለ ዘመዳቸው የተማሪዎቹን መለያ ቁጥር በስልክ እያነበቡለት እሱ እያየ ይነግራቸዋል። እኛ መምህራን ቢሮው ውስጥ ዙሪያውን ቆመናል። ከዚያኛው ጫፍ ድምፁ ይመጣል፤ እሳቸው "እሺ... እሺ... ቀጥል" ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ "እሺ" ማለቱንም ተዉት። ስልኩን ሲዘጉ ማንም አልጠየቃቸውም። ከትምህርት ቤታችን ያለፈ አንድም ተማሪ አልነበረም። አንደኛ የሚወጣው ልጅ እንኳ። ከመምህራኑ አንዱ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ዳይሬክተሩ የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ከፍተው ዘጉ፣ ከፍተው ዘጉ።

በዚያው ሳምንት የልጅቱ እናት ቤቴ መጣች። መጋዘኑ አጠገብ ከማለፍ በቀር አይቻት አላውቅም። ልብሷ ላይ የሰሊጥ ገለባ አለ፤ ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ቁጭ በይ ብላት በሩ ላይ ቆመች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጥታ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

"መምህርት፣ አንድ ነገር እውነቱን ይንገሩኝ ብዬ ነው" አለች በወሎ አነጋገሯ። "ልጄ ሰነፍ ናት?"

"አይደለችም። ወላሂ አይደለችም።" እንዴት እንደማልኩ እንኳ አላውቅም።

"አእምሮዋ አይቀበልም?"

"ይቀበላል። ትምህርቱን ታውቀዋለች።"

"ታዲያ ምን ሆና ወደቀች?"

እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አሰብኩ። "ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው። አንብባ ሳትጨርስ ሰዓቱ ያልቅባታል።"

"ታዲያ ሰዓቱን ለምን አይጨምሩላትም?" አለች።

ጠየቀችኝ እንጂ አልወቀሰችኝም። መልሱን የማውቅ መስሏት ነው። ስለ አገሪቱ ፈተና፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አንዱም የሚረባ ሆኖ አልታየኝም። አለቀስኩ። ልጇ የወደቀችባት እናት ፊት እኔ ቆሜ አለቀስኩ።

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። "አብሽሪ" አለችኝ፤ አንቱታውን ትታው። "አብሽሪ የኔ ልጅ። አንቺ ምን ታደርጊ? ጠዋት ጠዋት ስትለፊ አይደል የከረምሽው? ትነግረኛለች።" ትንሽ አብራኝ ቆማ ሄደች።

ልጅቱ ወደ አብደራፊ የሄደችው አጨዳው ሲጀመር ነው። እርሻው ሰፊ ነው፤ መጋዘንም ብዙ ነው፤ አክስቷ እዚያ ለሠራተኛ ምግብ ታበስላለች። የሚሄዱት በጭነት መኪና ላይ ነበርና ልሸኛት መናኸሪያው ድረስ ሄድኩ። በግሏ ተመዝግባ ድጋሚ ትፈተን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"እዚያ ሆኜ ማን ያስነብበኛል?" አለች።

"በስልክ እንደዋወላለን። ጥያቄ አነብልሻለሁ።"

"እርስዎ ሲያነቡትማ ይገባኝ የለ?" አለችና ሳቀች። እውነቷን ነው። መኪናው ሲነሣ ሻርፗን አፏ ላይ ጠቀለለች፤ አቧራው ወዲያው ሸፈናቸው። እስካሁን አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ስለ ትምህርት አታነሣም፤ እኔም አላነሣባትም። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ እናቷን አይቼ እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ይቋረጣል።

ያን መስከረም ከመተማ ለመልቀቅ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የምሄደው። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ስገባ የመጣሁት እሱን ለመስጠት ነው። እሳቸው ግን እኔን ሲያዩ "የአሥራ ሁለተኛን ባዮሎጂ እንደ አምናው ላንቺው አድርጌዋለሁ" አሉኝ።

"አልፈልግም" አልኩ።

"ትሄጃለሽ ማለት ነው" አሉ፤ የጠበቁት ነገር ይመስል ነበር።

ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። "ዘጠነኛ ይስጡኝ። የዘጠነኛን እንግሊዝኛ።"

"አንቺ የባዮሎጂ መምህርት ነሽ።"

"የእንግሊዝኛ መምህር አለዎት?"

"በመመሪያው አይፈቀድም" አሉ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው ፕሮግራሙ ላይ የነበረውን ባዶ ቦታ ሞሉት። "አራት ዓመት ይፈጃል ይኼ ያንቺ ነገር። እዚህ አራት ዓመት የሚቆይ ሰው አይቼ አላውቅም።"

እኔም እንደምቆይ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዕለት ልጆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ መስኮት ላይ ሁሉ ተቀምጠው ነበር። ስለ ውሃ አንድ ቀላል ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ማን ያነባል? ስል ማንም እጁን አላወጣም። ከፊት የተቀመጠችውን አንዲት ትንሽ ልጅ አስነሣሁ። የመጀመሪያውን ቃል አነበበች፤ ሁለተኛው ላይ ቆመች። ሌላ ልጅ አገዛት። ሁለተኛውን ተሻገርን። ሦስተኛው ላይ ሁላችንም አብረን ቆምን፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ እየወረደብን፣ አንዱ ፊደሉን ሲሰበስብ ሌላው ሲያርመው፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሄደ። ተረኛው መምህር በር ላይ መጥቶ ሰዓቱ ማለቁን ሲነግረኝ ምርጫዎቹ ላይ ገና አልደረስንም ነበር። "ነገ ከዚሁ እንቀጥላለን፤ አታጥፉት" አልኩና ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀምጬ ወጣሁ።